እንሂድ ወይስ እንቅር?

ዕለቱ የ1437 ዓመተ ሂጅራ ረመዷን 29ኛ ቀን፣ በእኛ አቆጣጠር ሰኔ 27 ቀን 2008 ነበር። መዲና ላይ ጸሐይ ልትጠልቅ ተቃርባለች። ጾመኛው ተምሩንና ውሃውን ከፊቱ አድርጎ የመግሪብን አዛን ይጠብቃል። በዚህ ሰዓት በመኪና ማቆሚያ በኩል ወደ መስጂዱ ነበዊ ሲያመራ የነበረን አንድ ሰው የጸጥታ ኃይል አባላት ተጠራጠሩት። ሰውየው በታጠቀው ፈንጂ ራሱን አጋየ። አራት የጸጥታ ኃይል አባላት ሞቱ፤ ሌሎች አምስት ቆሰሉ። በዚያው ዕለት በጅዳና በቀጢፍም አጥፍቶ ጠፊዎች ራሳቸውን አፈንድተዋል።

በመስጂዱ የዚያ ሌሊት ሶላት አልተቋረጠም። ነገር ግን ወሬው በዓለም ዙሪያ ወደ ሙስሊሙ ቤት ሁሉ ገባ። ሐጅ ሊደርስ የቀረው ሁለት ወር ብቻ ነበርና ለጉዞ የተዘጋጀ ሁሉ አንድ ጥያቄ ገጠመው፦ እንሂድ ወይስ እንቅር?

ውድ አንባቢያን፣ እስቲ ለምሳሌ ያህል በዚያ ሰሞን እንዲህ ያለ አንድ ቤት ውስጥ ገባን እንበል። እናት ለሐጅ ብለው ለዓመታት ሳንቲም በሳንቲም ያጠራቀሙ ናቸው። መሕረም ሆኖ አብሯቸው የሚሄደው የበኩር ልጃቸው ነው። ሚስቱ ነፍሰ ጡር ናት።

«እማ፣ ዘንድሮ ይቅርብን። የሚቀጥለው ዓመት አለ» ይላል ልጅ።

«ለአንተ አለ። ለእኔ መኖሩን ማን ነገረህ?» ይላሉ እናት። «ደግሞስ ሞት ላይቀር፣ በነብዩ ከተማ ቢመጣብኝ ምን አጣሁ?»

ታናሽ እህት በበኩሏ «ከቀራችሁ ሰው ፈሩ ይላችኋል» ትላለች።

ሦስቱም የተናገሩት ከልባቸው ነው። ሆኖም ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንዲሉ፣ በድንጋጤም ሆነ በእልህ የተወሰነ ውሳኔ መንገድ ላይ ይፈታል። ስለዚህ ቀደምቶቻችን እንዲህ ያለ ነገር ሲገጥማቸው ምን እንዳደረጉ እንመልከት።

አባት ተመለሱ፣ ልጅ ሄዱ

ኸሊፋው ዑመር ኢብኑል ኸጣብ (ረ.ዐ.) ከመዲና ተነስተው ወደ ሻም ሲጓዙ ሰርግ ከምትባል ቦታ ደረሱ። የጦር አዛዦቹ አቡ ዑበይዳና ጓደኞቻቸው ተቀብለው በሻም ወረርሽኝ መግባቱን ነገሯቸው። ዑመር ብቻቸውን አልወሰኑም። በመጀመሪያ ሙሃጂሮችን ጠርተው አማከሩ፤ ሐሳባቸው ተከፋፈለ። አንሷሮችን ጠየቁ፤ እነርሱም ተከፋፈሉ። በመጨረሻ የቁረይሽን ሽማግሌዎች ሲጠይቁ ሁሉም በአንድ ቃል ሕዝቡን ይዘው እንዲመለሱ መከሩ። አቡ ዑበይዳ ግን ይህ ከአላህ ውሳኔ መሸሽ እንዳይሆን ጠየቁ። ዑመርም ከአላህ ቀደር የሚሸሹት ወደ አላህ ቀደር መሆኑን አስረዱ። ግመሎቹን ወደ ለምለሙ ዳገት የሚያሰማራም ሆነ ወደ ደረቁ የሚወስድ፣ ሁለቱም በአላህ ቀደር ውስጥ ነው ሲሉ መሰሉት። ከዚያ በኋላ ዐብዱረሕማን ኢብኑ ዐውፍ መጥተው ወረርሽኝ ወዳለበት አገር መግባትን፣ ካለንበትም ሸሽቶ መውጣትን የሚከለክለውን የነብዩን (ሰ.ዐ.ወ.) ሐዲስ አሰሟቸው። ዑመር አላህን አመስግነው ተመለሱ።

እኚህ ዑመር በነብዩ ከተማ ሸሂድ ሆነው መሞትን ከአላህ ይለምኑ የነበሩት ዑመር ናቸው። መልካም ሞትን መመኘት ሌላ፣ በገዛ እግር አደጋ ፍለጋ መሄድ ሌላ መሆኑን በተግባር አሳይተውናል። አቡ ዑበይዳ በበኩላቸው አማናቸው ከሆነው ሠራዊት ጋር እዚያው ቆይተው በዚያው ወረርሽኝ ሞቱ። ወረርሽኙ አንድ፣ ሐዲሱም አንድ ነው፤ የሁለቱ ሰዎች ኃላፊነት ግን ለየቅል ነበር።

አሁን ደግሞ ወደ ዑመር ልጅ እንሻገር። ሐጃጅ ኢብኑ ዩሱፍ ዐብደላህ ኢብኑ ዙበይርን ለመውጋት መካ ላይ በዘመተበት ዓመት ዐብደላህ ኢብኑ ዑመር (ረ.ዐ.) ለሐጅ ተነሱ። ልጆቻቸው ጦርነት መኖሩን፣ ከበይቱላህ እንዳይታገዱም መስጋታቸውን ነግረው ዘንድሮ እንዲቀሩ ለመኗቸው። እርሳቸው ግን ሄዱ። የሄዱት ግን አደጋውን ንቀው አልነበረም። ከታገዱ ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በሑደይቢያ ያደረጉትን እንደሚያደርጉ አስቀድመው ተናገሩ። በሑደይቢያ፣ በ6ኛው ዓመተ ሂጅራ፣ ነብዩ ከ1,400 ያህል ሶሐቦች ጋር ለዑምራ መጥተው መካ ሳይገቡ እርዳቸውን አርደው፣ ጸጉራቸውን ተላጭተው ተመልሰዋል፤ ዑምራውንም በማግስቱ ዓመት ፈጽመዋል።

አባት ተመለሱ፤ ልጅ ሄዱ። አባትን ፈሪ፣ ልጅን ቸኩሎ ራሱን ለጥፋት የጣለ የሚል የለም። የጋራቸው ነገር ሁለቱም ከመወሰናቸው በፊት ማሰባቸው ነው። አንዱ አማከሩ፣ ሌላው ቢታገዱ የሚያደርጉትን አዘጋጁ።

ፍርሃታችንን እንመዝነው

ፍርሃት ጥሩ ጠባቂ ነው፤ ሚዛን ግን አያውቅም። በመዲናው ጥቃት የሞቱት አራት ናቸው፤ የአንዲትም ነፍስ ዋጋ ቀላል አይደለም። ይሁን እንጂ ከዚያ በፊት በነበረው ሐጅ፣ መስከረም 13 ቀን 2008፣ ሚና ላይ በተፈጠረው መረጋገጥ የሳዑዲ መንግሥት በሰጠው ቁጥር ብቻ 769 ሑጃጆች ሞተዋል። ከአገራችን የሄዱም ነበሩባቸው። በሰኔ 2016ቱ ሐጅ ደግሞ መካ ላይ ሙቀቱ ከ50 ዲግሪ አልፎ 1,301 ሰዎች መሞታቸውን ያው መንግሥት አስታውቋል። አብዛኞቹ ያለ ፈቃድ የገቡና መጠለያ ያልነበራቸው ናቸው።

ፍየል ወዲያ ቅዝምዝም ወዲህ ማለት ይህ ነው። ቦምቡን ፈርተን ጃንጥላውን እንረሳለን። አጥፍቶ ጠፊ ዓላማው ከገደላቸው ሰዎች ይልቅ የቀሩትን ማስፈራራት ነው። የፈነዳው አንድ ጊዜ ሲሆን፣ ቴሌቪዥኑና ስልካችን ግን መቶ ጊዜ ያፈነዱታል። ያንኑ ምስል ደጋግሞ ያየ ሰው አደጋው የበዛ ይመስለዋል። ያላረጋገጥነውን ወሬ ለሌላው ስናስተላልፍም የገዳዩን ሥራ እያገዝን ነው።

ከመወሰናችን በፊት

አንደኛ፣ አደጋው አልፏል ወይስ ቀጥሏል? አንድ ጥቃት ደርሶበት መንገዱ ክፍት የሆነና ጥበቃው የተጠናከረ ከተማ አለ። ውጊያ የሚካሄድበት፣ መንግሥቱም ሕዝብ አትምጡ የሚልበት ከተማ አለ። ሁለቱ አንድ አይደሉም። የፊቅህ ሊቃውንት የመንገድን ሰላም ከሐጅ ችሎታ ጋር አያይዘው የሚያዩት በዚህ ምክንያት ነው፤ መንገዱ በእርግጥ አደገኛ ለሆነበት ሰው ግዴታው ይዘገይለታል። በ2008ቱ ዓመት ኢራን ከሳዑዲ ጋር በገባችበት ጠብና በጸጥታው ዝግጅት ባለመስማማት ሑጃጆቿን አልላከችም፤ በቀጣዩ ዓመት ላከች።

ሁለተኛ፣ ጉዞው ሊከፋፈል ይችላል? የመዲና ዚያራ ትልቅ ሱና ነው፤ ከሐጅ ማዕዘናት ግን አይደለም። ሐጅ የሚፈጸመው በመካ፣ በሚና፣ በዐረፋና በሙዝደሊፋ ነው። መዲና ከመካ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ትርቃለች። ስለ መዲና ልቡ ያልረጋ ሰው ሐጁን ፈጽሞ ዚያራውን ሊያሳጥር ወይም ለሌላ ጊዜ ሊያቆይ ይችላል።

ሦስተኛ፣ ከኋላ የምንተወው ማን ነው? ዕዳ፣ ሕፃናት፣ የታመመ ወላጅ ያለበት ሰው ስለ ራሱ ብቻ አይወስንም።

አራተኛ፣ አንድ ነገር ቢፈጠር ምን እናደርጋለን? የቡድን መሪ ስልክ፣ ያረፍንበት ሆቴል ስምና አድራሻ በኪስ፣ የምንገናኝበት ቦታ፣ የተጻፈ ወሲያ። ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ግመሉን ፈትቶ በአላህ ልመካ ወይ ብሎ ለጠየቃቸው ሰው እሰራትና ተመካ ማለታቸው በሐዲስ ተዘግቧል። ተወኩል ከማሰሪያው በኋላ ነው። ምክሩም ዝግጅቱም ካለቀ ኢስቲኻራ ሰግዶ ልብን ማሳረፍ ይከተላል።

ወደዚያ ቤት እንመለስ

እነዚህ ጥያቄዎች በዚያ ቤት ቢነሱስ? ልጅየው ጥቂት ዝም ብሎ ምናልባት እንዲህ ይል ይሆናል፦ «እማ፣ እውነቱን ልንገርሽ፣ የፈራሁት ቦምቡን ብቻ አይደለም። ሚስቴ ስትወልድ ሩቅ እንዳልሆን ነው።» ቦምቡ ሽፋን ነበር ማለት ነው። ብዙ ቤት ውስጥ እንዲህ ነው፤ ትልቁ ወሬ ትንሹን ጭንቀት ይሸፍነዋል። እናትም በበኩላቸው «እኔም ሞትን ፈልጌ አይደለም፤ ጉልበቴ ከከዳኝ በኋላ ማን ያደርሰኛል ብዬ ነው» ይሉ ይሆናል። ስጋቱ በስሙ ሲጠራ መፍትሔው ይቀርባል። እናት በዚያው ዓመት ከተመዘገቡት ወንድማቸው ጋር ይሄዳሉ፤ ልጅ ከሚስቱ ጋር ይቆያል። እህትም የሰው ወሬ የጉዞ ምክንያት፣ የመቅረትም ምክንያት እንደማይሆን ትማራለች።

በዚያ ዓመት የዐረፋ ቀን ከእኛው እንቁጣጣሽ፣ ከመስከረም 1 ቀን 2009 ጋር ገጠመ። ከ1.8 ሚሊዮን በላይ ሑጃጆች ሐጃቸውን አደረጉ፤ የተፈራውም ጥቃት አልደረሰም። ይህ ግን የሄዱትን ብልህ፣ የቀሩትን ፈሪ አያደርግም። ማንም በጊዜው የወደፊቱን አያውቅም ነበር፤ አላህም የሚጠይቀን ባወቅነውና በያዝነው አማና ነው።

እንግዲህ የምንሄድ በዝግጅት እንሂድ፤ የምንቀርም በኒያ እንቅር። የሄደው የቀረውን አይናቅ፤ የቀረውም የሄደውን በዱዓ አይርሳ። አላህ የመንገደኞቻችንን መንገድ ሰላም ያድርግልን፤ ቤታቸውንም ይጠብቅላቸው። አሚን።