ብርሃኑን ሳይሆን ነጸብራቁን እዩ

ጠዋት ከቦሌ ተነስቶ ወደ ምዕራብ ሸዋ የሚበር ሰው ፀሐይ በጀርባው ናት። ሆለታን አልፎ፣ እንጭኒን በክንፉ ሥር ትቶ፣ ሥራውን ሠርቶ ከሰዓት በኋላ ሲመለስም ፀሐይዋ ወደ አምቦ በኩል አዘቅዝቃለችና አሁንም በጀርባው ናት። ፊት ለፊት የሚያጥበረብር ነገር የለም፤ የሙገር ሲሚንቶ ፋብሪካ ከሩቅ ጥርት ብሎ ይታያል። ለዓይን እንዲህ የተመቸ መንገድ ለጂፒኤስ ስክሪን ግን እጅግ ክፉው ነው። ብርሃኑ ከኋላና ከጎን መስኮት ገብቶ፣ የአብራሪውን ትከሻ አልፎ፣ ልክ ስክሪኑ ላይ ያርፋል። ካርታው ይገረጣል፣ የጉዞ መስመሩ ይጠፋል፤ አብራሪው መንገዱን ሲፈልግ የራሱን ሸሚዝ ያያል።

ወደ ድሬዳዋ ሲኬድ ነገሩ ይገለበጣል። ጠዋት ሲወጡም፣ ከሰዓት ሲመለሱም ፀሐይ ፊት ለፊት ናት። ያኔ ስክሪኑ በመሣሪያ ሰሌዳው ጥላ ውስጥ ስለሚሆን ብርሃን አያርፍበትም፤ የሚቸገረው ዓይን ነው። የውጭውን ብርሃን ለመቋቋም ብሌኑ ጠብቦ ስለቆየ፣ ወደ ውስጥ ሲመለስ ስክሪኑ የጨለመ ይመስለዋል። እኛ አብራሪዎች ሁለቱንም "በፀሐይ አይታይም" ብለን እናልፋቸዋለን። ሁለት የተለያዩ ችግሮች ናቸው፤ መፍትሔያቸውም ይለያያል። ለድሬዳዋው የስክሪኑን ብርሃን መጨመር ይበጃል። ለእንጭኒው አይበቃም። ለትንንሽ አውሮፕላን ጂፒኤስ ሲገዛ ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው ይህ ልዩነት ነው።

ነገሩ የምቾት ብቻ ቢሆን ኖሮ አልጽፍበትም ነበር። ምዕራብ ሸዋ ደጋ ነው። በዓይኑ እያየ ወደ ምዕራብ የሚበር አውሮፕላን ከሚይዛቸው ከፍታዎች አንዱ 10,500 ጫማ ነው፤ ወደ ሜትር ሲመነዘር 3,200 ይሆናል። ከመንገዱ በስተደቡብ ያሉት ወጨጫና ወንጪ ግን ሁለቱም ከ3,300 ሜትር ያልፋሉ። ስለዚህ እኛ ዘንድ ተራራ ከታች ብቻ አይደለም፤ ከጎንም አለ። ደመና ዝቅ ባለ ቀን አብራሪው ወደ የትኛው ወገን ቢያዘነብል እንደሚሻለው ከስክሪኑ ማየት መቻል አለበት።

በብዙዎቹ የአቪዬሽን ጂፒኤሶች ካርታ ላይ፣ ከአውሮፕላኑ በታች ከ1,000 ጫማ ያነሰ ርቀት ላይ ያለው መሬት ቢጫ፣ ከ100 ጫማ ያነሰው ደግሞ ቀይ ይቀባል። ኃይለኛ ብርሃን ሲያርፍበት ቀድሞ የሚጠፋው ቢጫው ነው፤ ገርጥቶ ከነጩ አይለይም። ማስጠንቀቂያው አለ፣ ግን አይታይም ማለት ነው። ሴስና ካራቫን በደቂቃ አምስት ኪሎ ሜትር ያህል ይሄዳል። ያልተነበበውን ለማንበብ አምስት ሴኮንድ ያጎነበሰ አብራሪ 400 ሜትር ያህል ውጭውን ሳያይ በርሯል። መሣሪያው ራሱ ያለበትን ቦታ አጥቶት አይደለም። የአሜሪካ መንግሥት ለሲቪል ተጠቃሚዎች ምልክቱን ሆን ብሎ ማዛባቱን በሚያዝያ 1992 ዓ.ም. ካቆመ ወዲህ፣ ተራ ጂፒኤስም ቦታውን በጥቂት ሜትሮች ልዩነት ያውቃል። ችግሩ ያወቀውን ለአብራሪው ማድረሱ ላይ ነው።

አሁን ወደ ግዥው እንምጣ። አሠራሩ የታወቀ ነው። ባለሙያው ስፔሲፊኬሽን ይጽፋል፣ ፕሮፎርማ ይሰበሰባል፣ የውጭ ምንዛሪ ይጠበቃል። ዕቃው አንዴ ከገባ በኋላ "አልተስማማንም" ብሎ መመለስ የለም። ስለዚህ ወረቀቱ ላይ የሰፈረው ቁጥር ሁሉን ይወስናል። ያ ቁጥር አብዛኛውን ጊዜ ኒት ነው፤ ስክሪኑ ምን ያህል እንደሚያበራ የሚለካበት። ተራ ታብሌት 500 ኒት አካባቢ ይሰጣል፤ ለፀሐይ የተሠራ ተብሎ የሚሸጠው ደግሞ 1,000 እና ከዚያ በላይ።

አንድ የግዥ ክፍል ባልደረባ ሁለት ናሙና ይዞ መጣ።

"ካፒቴን፣ ይሄኛው አንድ ሺህ ኒት ነው፤ ዋጋውም ይሻላል። ያኛው ስድስት መቶ ብቻ ሆኖ ሳለ ይወደዳል። ይሄ ምኑ ይወዳደራል?"

"እስቲ ይዘናቸው እንውጣ" አልኩት።

ረፋድ አራት ሰዓት ገደማ ነበር። መኪና ማቆሚያው ላይ ፊቱን ወደ ፀሐይ አዙሮ ቆመ፤ ነጭ ሸሚዝ ለብሷል። ሁለቱንም በየተራ ደረቱ ፊት ያዛቸው። በአንድ ሺህ ኒቱ ላይ የሸሚዙ ቁልፎች ሳይቀሩ ይቆጠራሉ፤ ካርታው ከሸሚዙ ምስል ሥር ደብዝዞ ቀርቷል። በስድስት መቶው ላይ ሸሚዙ ሳስቷል፤ መስመሩም የቦታ ስሞቹም ይነበባሉ። ከዚያ ጥቁር ጃኬቴን አውልቄ ሰጠሁት። ደረቱን ሲሸፍንበት አንድ ሺህ ኒቱም ተነበበ።

"ልብሱ ነው እንዴ ችግሩ?" ብሎ ሳቀ።

ችግሩ መስታወቱ ነው። ቀጥተኛ ፀሐይ ወደ 100,000 ሉክስ የሚጠጋ ብርሃን ያወርዳል፤ ጥሩ መብራት ያለው ቢሮ 500 ሉክስ ቢኖረው ነው። እንዲህ ያለ ፀሐይ ያረፈበት ነጭ ሸሚዝ ራሱ ወደ 25,000 ኒት የሚያበራ ነገር ይሆናል። ሽፋን የሌለው መስታወት ከአንድ ገጹ ብቻ ከዚህ 4 በመቶ ያህሉን መልሶ ያንጸባርቃል፤ 1,000 ኒት ማለት ነው። እንግዲህ 1,000 ኒት በሚያበራው ካርታ ላይ 1,000 ኒት የሸሚዝ ምስል ተደረበ፤ የካርታው ነጭ ከጥቁሩ የሚደምቀው በሁለት እጥፍ ብቻ ሆነ። መስታወቱ ፀረ ነጸብራቅ ሽፋን ኖሮት 1 በመቶ ብቻ የሚመልስ ከሆነ ግን የሸሚዙ ድርሻ ወደ 250 ኒት ይወርዳል። ያኔ ስክሪኑ 600 ኒት ብቻ ቢሆንም ነጩ ከጥቁሩ ከሦስት እጥፍ በላይ ይደምቃል። ለማንበብ የሚያስፈልገው ይህ ልዩነት ነው፤ ብርሃኑ ብቻውን ምንም አይነግረንም።

በርካሾቹ ላይ ሌላም ጣጣ አለ። በላይኛው መስታወትና በማሳያው መካከል የአየር ክፍተት ይተዋል፤ ያ ክፍተት ሁለት ተጨማሪ የሚያንጸባርቁ ገጾች ይፈጥራል፣ 4 በመቶውም ይደጋገማል። በጥሩዎቹ ክፍተቱ ብርሃን በሚያሳልፍ ሙጫ ተሞልቶ ሁለቱ እንደ አንድ አካል ይጣበቃሉ። ቀን ከውጭ ቆሞ በመስኮት ወደ ቤት ውስጥ ለማየት የሞከረ ሰው ነገሩን ያውቀዋል፤ ውስጥ መብራት ቢበራም መስታወቱ የሚያሳየው ደጁን ነው።

ሽፋኑ ግን እንክብካቤ ይፈልጋል። ከአቧራማ ሜዳ የሚነሳን አውሮፕላን ስክሪን በእጅጌ የሚጠርግ አብራሪ ሽፋኑን እያፋቀው ነው። አሞኒያ ያለበት የመስታወት ማጽጃም ያበላሸዋል። ንጹሕ ለስላሳ ጨርቅና አምራቹ የሚፈቅደው ፈሳሽ በቂ ነው።

የአውሮፕላኑ ቅርጽም ይጠየቃል። እንደ ካራቫን ክንፉ ከላይ የሆነ አውሮፕላን ቀትር ላይ ጥላ ይሰጣል፤ የሚያስቸግረው ጠዋትና ማታ በጎን የሚገባው ፀሐይ ነው። ክንፉ ዝቅ ብሎ ጣሪያው መስታወት በሆነው እንደ ዳይመንድ ዲኤ40 ባለው ውስጥ ደግሞ ቀትሩ ራሱ ይከፋል። ክረምት ላይ በደመና መካከል ሲበር ብርሃን ከታችም ይመጣል፤ ፀሐይ ያረፈበት የደመና ጀርባ ጣሪያውንም ሸሚዙንም ያበራዋል። በአንዱ አውሮፕላን የተመሰገነ ስክሪን በሌላው ቢወቀስ አይግረመን።

ያለ ወጪ የሚገኝ መፍትሔም አለ። መሪው ላይ የሚታሰረውን ስክሪን የላይኛውን ጠርዝ ወደ አብራሪው ጥቂት ማዘንበል ብቻ፣ ከነጩ ሸሚዝ ይልቅ ጥቁሩን ሱሪ እንዲያንጸባርቅ ያደርገዋል። ብዙ አብራሪዎች ስክሪኑን ለዓይናቸው ቀጥ ብሎ እንዲታይ ያስተካክሉታል፤ ቀጥ ብሎ የሚታይ ስክሪን ደግሞ ልክ እንደ መስታወት የራስን ደረት ይመልሳል።

መነጽርም አለ። የኤልሲዲ ስክሪን ብርሃን በአንድ አቅጣጫ የተጣራ ነው። ፖላራይዝድ መነጽርም እንዲሁ በአንድ አቅጣጫ ያጣራል። ሁለቱ ከተጣረሱ ስክሪኑ ጥቁር ይሆናል። ስክሪኑን አንዴ በቁሙ፣ አንዴ በአግድሙ አዙሮ ማየት ጉዳዩን በቅጽበት ይገልጠዋል። አብራሪ ፖላራይዝድ ያልሆነ መነጽር ቢያደርግ ይሻለዋል፤ የንፋስ መከላከያው መስታወትም በፖላራይዝድ መነጽር ሲታይ የተዥጎረጎረ መስሎ የሚታይበት ጊዜ አለ።

ሙቀትን እንጭኒ ላይ ሆኖ ማሰብ ይከብዳል፤ አገሩ ብርድ ነው። ያው አውሮፕላን ግን በሚቀጥለው ቀን ጋምቤላ ወይም ሰመራ ሊላክ ይችላል። ብዙ አብራሪ በርካሽነቱና በሰፊ ስክሪኑ የሚወደው አይፓድ፣ አምራቹ እንደሚለው እስከ 35 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሚደርስ የአካባቢ ሙቀት እንዲሠራ የተሠራ ነው። ከዚያ ሲያልፍ መጀመሪያ ብርሃኑን በራሱ ይቀንሳል፣ ቀጥሎ ይጠፋል። ፀሐይ በበረታች ቁጥር ስክሪኑ ይደክማል ማለት ነው፤ በጣም በምንፈልገው ሰዓት። ተዘግቶ ፀሐይ ላይ የዋለ ኮክፒት ደግሞ በደጋውም ቢሆን ይግላል። ለኮክፒት ተብሎ የተሠራው መሣሪያ ዋጋው የሚወደደው በከፊል ይህን ለመቋቋም ነው።

ከሰዓት በኋላ ከሙገር ሸለቆ የሚነሳው ሙቅ አየር አውሮፕላኑን ሲያንገጫግጨው ደግሞ የንክኪ ስክሪን ሌላ ፈተና ያመጣል። ጣት ያሰበው ቦታ አያርፍም። ጠርዙ ላይ ጣት የሚደገፍበት ቦታ ያለው፣ ወይም ቢያንስ ካርታውን ለማቅረብና ለማራቅ የሚዞር ቁልፍ ያለው መሣሪያ ይመረጣል። በ1998 (እ.ኤ.አ.) የወጣው ጋርሚን ጂኤንኤስ 430 ዛሬ ሲታይ ስክሪኑ ትንሽ፣ ቀለሙም ጥቂት ነው፤ ግን በቁልፍ ይሠራል፣ ፊደሉም ጎላ ያለ ነው። በጣም ብዙ ዝርዝር የሚያሳይ ካርታ ሱቅ ውስጥ ያምራል፣ በፀሐይ ግን ቀጭኑ መስመር ሁሉ ይጠፋል። ዓይናቸው ከ40 ዓመት በኋላ ቅርብ ለማንበብ የሚቸገር አብራሪዎች ይህን ከማንም በላይ ያውቁታል።

የርጭት አብራሪዎች ችግሩን በሌላ መንገድ ፈትተውታል። በ2012 ዓ.ም. የበረሃ አንበጣ አገራችንን ሲወርር እንዳየነው፣ ርጭት የሚደረገው መሬት ለመሬት በሚባል ከፍታ ነው፤ እዚያ ላይ ሆኖ ወደ ስክሪን ማጎንበስ አይታሰብም። ስለዚህ በዓለም ዙሪያ ብዙ የርጭት አውሮፕላኖች በአፍንጫቸው ላይ፣ ከመስታወቱ ውጭ፣ የትንንሽ አምፖሎች መደዳ ይገጠምላቸዋል። ጂፒኤሱ አውሮፕላኑ ከመስመሩ ወደ ቀኝ ወይም ወደ ግራ መውጣቱን በአምፖሎቹ ይናገራል፤ አብራሪው ዓይኑን ከማሳው ሳያነሳ መስመሩን ይይዛል። ከዚህ የምንማረው ጥሩ ማሳያ ማለት ዓይንን ከውጭ የማያስቀር መሆኑን ነው።

ተንቀሳቃሽ ጂፒኤስ የቱንም ያህል ቢደምቅ ረዳት ነው። ተፈትሾና ፈቃድ አግኝቶ ፓኔሉ ላይ የተገጠመውን መሣሪያ አይተካም፤ በደመና ውስጥ ለመብረርም ዋና መተማመኛ አይሆንም። ይህን ለይቶ ማወቅ ገንዘብም ያድናል፤ ረዳቱ ላይ የሚወጣው ወጪ ዋናውን ከመጠገን እንዳይቀድም።

ለግዥ ክፍል ባልደረቦችና ለኦፕሬሽን ኃላፊዎች የምለው ይህን ነው። ስፔሲፊኬሽኑ ላይ ኒትን ብቻ አትጻፉ። የመስታወቱን የማንጸባረቅ መጠን በመቶኛ ጠይቁ፤ በመስታወቱና በማሳያው መካከል ክፍተት እንደሌለ ይጻፍላችሁ፤ የሚሠራበት የሙቀት ወሰን ይገለጽላችሁ። ከዚያ ናሙናውን አብራሪው በሚበርበት አውሮፕላን፣ በሚቀመጥበት ወንበር ላይ፣ ነጭ ሸሚዙን እንደለበሰ፣ ጠዋት ሁለት ሰዓትና ከሰዓት በኋላ አሥር ሰዓት ላይ ፀሐይን በጀርባው አድርጎ ይመልከተው። ቢጫውን ከነጩ ሳይጨነቅ ከለየ ይገዛ። ይህን ሙከራ የማይፈቅድ አቅራቢ ካለ፣ ዋጋው የቱንም ያህል ቢረክስ ዕቃውን አትውሰዱ።