ቅድሚያ ለማን? የክላፋም ሰዎችና የእኛ ኑሮ

የማቴዎስን ወንጌል ምዕራፍ 6 የማያውቅ ክርስቲያን የለም። ጌታ ስለ ምግብና ስለ ልብስ ለሚጨነቁ ሰዎች ፊት መፈለግ ያለበት የእግዚአብሔር መንግሥትና ጽድቅ መሆኑን፣ የቀረው ተከትሎ የሚመጣ መሆኑን ያስተማረው በዚያ ነው። በስደት ለምንኖር ግን ይህ ትምህርት ይከብደናል። ሌሊት ቢሮ የሚያጸዳ፣ ቀን ሬስቶራንት የሚሠራ፣ የቤት ኪራይ የሚከፍል፣ አገር ቤት ላሉት ወላጆቹና ታናናሾቹ ገንዘብ የሚልክ ሰው «ቅድሚያ ለእግዚአብሔር» ሲባል በልቡ «ጊዜው ከየት ይምጣ?» ቢል አይፈረድበትም።

ለመሆኑ መንግሥቱን ማስቀደም ማለት ምን ማለት ነው? በየሳምንቱ ቤተ ክርስቲያን መገኘት ብቻ ነውን? ወይስ ሥራን ትቶ መመነን? መልሱን ለማግኘት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። እዚሁ ደቡብ ለንደን፣ በክላፋም ሜዳ ሰሜናዊ ጥግ ላይ የቅድስት ሥላሴ ቤተ ክርስቲያን ቆማለች። በ1776 (በዚህ ጽሑፍ ያለው ዘመን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው) ተሠርታ ያለቀች ናት። በውጭ ግድግዳዋ ላይ የጥቂት ምእመናን ስም የተቀረጸበት ድንጋይ አለ፤ የባሪያ ንግድ እንዲቆም ዕድሜያቸውን የሰጡ ሰዎች ናቸው።

ከእነዚህ አንዱ ዊልያም ዊልበርፎርስ ነው። በ1780፣ በ21 ዓመቱ የፓርላማ አባል ሆነ፤ ሀብታም፣ ተጫዋችና አንደበተ ርቱዕ ነበር። ከአምስት ዓመት በኋላ ልቡ ወደ እግዚአብሔር ሲመለስ፣ ፖለቲካውን እርግፍ አድርጎ ቄስ መሆን አሰበ። ምክር የጠየቀው ጆን ኒውተንን ነበር። ኒውተን በወጣትነቱ የባሪያ መርከብ ካፒቴን የነበረ፣ በኋላ ግን ንስሐ ገብቶ ቄስ የሆነ ሰው ነው። እርሱም ዊልበርፎርስን «እዚያው ባለህበት እግዚአብሔርን አገልግል» በሚል መንፈስ መከረው።

ዊልበርፎርስ በ1789 ጉዳዩን ለፓርላማ አቀረበ። በ1791 ድምፅ ሲሰጥ 163 ለ88 ተሸነፈ። ከዚያ በኋላም ደጋግሞ አቀረበ፤ ደጋግሞ ተሸነፈ። በ1807 ግን 283 ለ16 በሆነ ድምፅ የባሪያ ንግድ ተከለከለ። ባርነት ራሱ በእንግሊዝ ቅኝ ግዛቶች እንዲቀር የሚያዘው ሕግ በታችኛው ምክር ቤት ያለፈው ሐምሌ 26 ቀን 1833 ሲሆን፣ ዊልበርፎርስ ከሦስት ቀን በኋላ ሞተ።

ጓደኞቹም ሥራቸውን አልለቀቁም። ሄንሪ ቶርንተን ባንከኛ ነበር፤ ከማግባቱ በፊት ከገቢው ከሰባት እጅ ስድስቱን ለተቸገሩና ለበጎ ሥራ ይሰጥ ነበር። ትዳር ይዞ ልጆች ከወለደ በኋላ ያን ያህል ባይችልም፣ ሲሶውን ያህል መስጠቱን አላቋረጠም። ዛካሪ ማኮሌይ በወጣትነቱ በጃማይካ እርሻ ላይ የባሪያዎች አለቃ ሆኖ ያየውን ግፍ አልረሳም፤ ኋላ ሰነድና ማስረጃ እየሰበሰበ ለክርክሩ ስንቅ የሚያቀብል እርሱ ሆነ። ጆን ቬን ደግሞ የደብሩ አስተዳዳሪ ነበር። እንግዲህ ባንከኛው በባንኩ፣ ጠበቃው በሕጉ፣ ቄሱ በመቅደሱ ነው መንግሥቱን ያስቀደመው።

እውነቱን እንናገር ከተባለ ግን እነርሱም መላእክት አልነበሩም፤ ሥራውንም ብቻቸውን አልሠሩትም። ነፃነቱን በገንዘቡ የገዛው ኦላውዳ ኢኩያኖ የሕይወት ታሪኩን በ1789 አሳትሞ የእንግሊዝን ሕዝብ ቀስቅሷል። የሄይቲ ባሪያዎች በ1791 ተነሥተዋል። በ1831 መጨረሻ በጃማይካ የተነሣውን አመፅ የመራው ሳም ሻርፕ የባፕቲስት ቤተ ክርስቲያን ዲያቆን ነበር፤ ለዚህም ተሰቀለ። የ1833ቱ ሕግ ደግሞ ለባሪያ አሳዳሪዎቹ 20 ሚሊዮን ፓውንድ ካሣ ሲከፍል፣ ለባሪያዎቹ አንድ ሳንቲም አልሰጠም።

እኛም ብንሆን በሌላው ለመፍረድ አንቸኩል። ጾሙን እየጾመ፣ በዓሉን እያከበረ ባሪያ የሚያሳድር ጌታ በአገራችን ነበር። ባርነትን ጨርሶ የሻረው ዐዋጅ የወጣው በ1942 ነው። መንግሥቱን ከአፍ አልፎ በቤት፣ በጓዳና በገንዘብ ላይ ማስቀደም ለማንም ሕዝብ ቀላል ሆኖ አያውቅም።

የክላፋም ሰዎች ሥራ እኛም ዘንድ ደርሷል። በ1799 የቤተ ክርስቲያን ሚሲዮን ማኅበርን፣ በ1804 ደግሞ የብሪታንያና የውጭ አገር መጽሐፍ ቅዱስ ማኅበርን ሲያቋቁሙ ከመሥራቾቹ መካከል ነበሩ። በዚያው ዘመን አቡ ሩሚ የተባለ ኢትዮጵያዊ ካይሮ ላይ ታሞ ወድቆ ነበር። አሰላን ደ ሸርቪል የተባለ የፈረንሳይ ቆንስላ ሹም አስታመመው። ከዳነ በኋላ ሁለቱ ተቀምጠው መጽሐፍ ቅዱስን ወደ አማርኛ መተርጎም ጀመሩ። በየሳምንቱ ማክሰኞና ቅዳሜ በራቸውን ዘግተው፣ ዐሥር ዓመት ሙሉ ሠሩ። ጽሑፉ በአቡ ሩሚ እጅ የተጻፈ 9,539 ገጽ ሆነ።

አቡ ሩሚ ሥራው ሳይታተም በካይሮ በወረርሽኝ ሞተ። የሚሲዮን ማኅበሩ ሰው ዊልያም ጆዌት በ1820 ጽሑፉን ለመጽሐፍ ቅዱስ ማኅበሩ በ1,250 ፓውንድ ገዛ። ወንጌሎቹ በ1824፣ ሐዲስ ኪዳን በ1829፣ መላው መጽሐፍ ቅዱስ በ1840 ታተሙ። አስተውሉ፤ ይህ ሰው ስደተኛ ነበር፣ በሽተኛም ነበር። በሳምንት ሁለት ቀን፣ በጽናት፣ የማይናወጥ ሥራ ሠራ። «ጊዜው ከየት ይምጣ?» ለሚለው ጥያቄያችን ከዚህ የተሻለ መልስ ከየት ይገኛል?

ከሁለት ቀን በላይ የተጠየቁም አሉ። አቡነ ጴጥሮስ ለፋሺስት አልገዛም በማለታቸው በ1936 አዲስ አበባ ላይ ተረሸኑ። የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ዋና ጸሐፊ የነበሩት ቄስ ጉዲና ቱምሳ ከአገር የመውጣት ዕድል ሲሰጣቸው መንጋዬን ትቼ አልሄድም ብለው በ1979 በደርግ ተገደሉ። ባለቤታቸው ወይዘሮ ፀሐይ ቶሎሳ ዐሥር ዓመት ታሰሩ። አንዱ ኦርቶዶክስ፣ አንዱ ወንጌላዊ፤ ያስቀደሙት መንግሥት ግን አንድ ነበር።

ከእኛ ይህን ያህል የጠየቀን የለም። የሚጠየቀው ትንሹ ነው፤ በትንሹም እንሰናከላለን። በወንበርና በአዳራሽ ቁልፍ ምክንያት ማኅበር ይፈርሳል፤ በአገር ቤት ፖለቲካ የተነሣ አንድ መስቀል የተሳለሙ ሰዎች አይጨባበጡም። የክላፋም ሰዎች በፖለቲካ ሐሳብ ሁልጊዜ አልተስማሙም፤ አንድ ቤት ተሰብስበው ግን አንድ ሥራ ሠሩ።

በ1948 ኢምፓየር ዊንድረሽ በተባለችው መርከብ ከካሪቢያን ከመጡት መካከል ከ200 በላይ የሚሆኑት ማደሪያ አጥተው የተጠለሉት እዚሁ በክላፋም፣ ከምድር በታች በተቆፈረው የጦርነት ጊዜ መሸሸጊያ ውስጥ ነው። የብዙዎቹ ቅድመ አያቶች ዊልበርፎርስ የተከራከረላቸው ባሪያዎች ነበሩ። ሕጉ ነፃ አወጣቸው፤ እንግዳ ተቀባይ ግን በበቂ አላገኙም። ይህ ሥራ ዛሬም አላለቀም። ትናንት የመጣ፣ ወረቀት ያልያዘ፣ ቋንቋ ያልገባው ወንድም በመካከላችን አለ። ከሳምንቱ አንዲት ምሽት ደብዳቤውን ለሚያነብለት፣ ጠበቃ ጋ ለሚያደርሰው፣ ትኩስ ወጥ ለሚያቀምሰው ሰው መንግሥቱ ቀድማለች።

ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይላሉ አበው። ለማስቀደምም፣ ለማበርም ልቦና ይስጠን።