በባሕር ውስጥ ጆሮ የማይለየው አቅጣጫ
እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 18 ቀን 2000 እንግሊዛዊቷ ድምፃዊት ከርስቲ ማኮል በሜክሲኮ፣ ኮዙሜል ደሴት አጠገብ፣ ለጠላቂዎች በተከለለ ባሕር ጠልቃ ስትወጣ በፈጣን ጀልባ ተገጭታ ሞተች። ክልከላው አላዳናትም። ጆሮስ ዋናተኛን ያድናልን?

አንጎላችን የድምፅን አቅጣጫ የሚለየው በአመዛኙ ድምፁ ወደ ሁለቱ ጆሮዎቻችን በሚደርስበት የጊዜ ልዩነት ነው። ድምፅ በአየር ውስጥ በሰከንድ 340 ሜትር፣ በባሕር ውስጥ ግን 1,500 ሜትር ያህል ይጓዛል። ስለሆነም በውሃ ውስጥ የጊዜ ልዩነቱ ከሩብ በታች ይሆናል፤ የሞተሩ ድምፅ ቢሰማም ከየት እንደመጣ ለመለየት ያዳግታል።

ስለዚህ በመተንፈሻ ቱቦ እየተነፈሰ የሚዋኝ ሰው በጆሮው ብቻ አይተማመን። ከጀልባ መተላለፊያ ይራቅ፤ ደማቅ ቀለም ያለው ተንሳፋፊ ምልክት ይጎትት፤ ሞተር ሲሰማም ቀና ብሎ ዙሪያውን ይመልከት።