ነርሶቻችን ለምን ይለቃሉ? እንዲቆዩስ ምን ይደረግ?

ሆስፒታል የተኛ ሰው ሐኪሙን የሚያየው በቀን አንዴ ወይም ሁለቴ ነው። ሌሊት ትኩሳቱን የሚለኩት፣ መድኃኒቱን በሰዓቱ የሚሰጡት፣ ሁኔታው ሲለወጥ ቀድመው የሚያውቁት ነርሶች ናቸው። ስለዚህ ልምድ ያለው ነርስ ሥራ ሲለቅ ጉዳቱ ለሆስፒታሉ ብቻ ሳይሆን ለእያንዳንዳችን ቤት ይተርፋል።

ችግሩ ከከተማ በራቁ አካባቢዎች ይብሳል። ከደቡብ ወሎ ጋር የምትዋሰነውን የግሼ ወረዳንና ዋና ከተማዋን ራቤልን እናስብ። ከዚያ ደጋ ተነስቶ ለከፍተኛ ሕክምና ደብረ ብርሃን መድረስ በደህናውም ጊዜ ቀላል አይደለም። የአማራ ክልል ከ2015 ጀምሮ ግጭት ውስጥ በመሆኑ ደግሞ ሪፈር የተጻፈለት ሁሉ እንደ ልቡ አይጓዝም። መንገድ ሲዘጋ የበሽተኛው ተስፋ እዚያው ያለው ባለሙያ ነው። አዲስ ተመራቂ ቢመደብም ሥራውን የሚያሳየው ነባር ከሌለ እሱም ብዙ አይቆይም።

የደሞዝ ጥያቄው እውነት ነው። በግንቦት 2017 የጤና ባለሙያዎች ሥራ እስከ ማቆም የደረሱት ኑሮ ስለከበዳቸው ነው፤ ይህን ጥያቄ መመለስ የመንግሥት ኃላፊነት ነው። ነገር ግን ገንዘብ ብቻውን ሰውን አያቆይም።

እ.ኤ.አ በ1983 የአሜሪካ የነርሲንግ አካዳሚ የነርስ እጥረት በበረታበት ወቅት ነርሶችን መሳብና ማቆየት የቻሉ 41 ሆስፒታሎችን ለይቶ አጥንቶ ነበር። የጋራ ባሕሪያቸው የሥራ ባህላቸው ነው፦ ኃላፊዎቹ በቅርብ ይገኛሉ፣ ነርሶች በውሳኔ ላይ ይሳተፋሉ፣ የመማር ዕድልም አላቸው። እ.ኤ.አ በ2002 የታተመ ሌላ ጥናት ደግሞ በፔንስልቬንያ ግዛት 168 ሆስፒታሎችን መርምሮ፣ በአንድ ነርስ ላይ አንድ በሽተኛ በተጨመረ ቁጥር ቀዶ ሕክምና የተደረገለት ሰው በ30 ቀን ውስጥ የመሞት ዕድሉ 7 በመቶ እንደሚጨምር አሳይቷል። የነርስ ድካም የበሽተኛ ሕይወት ጉዳይ ነው ማለት ነው።

በአገራችንም ጤና ሚኒስቴር ከ2008 ጀምሮ ባለሙያው «ሩኅሩኅ፣ አክባሪና ተንከባካቢ» እንዲሆን ሲሠራ ቆይቷል። መልካም ነው፤ ግን ያልተከበረ ሰው እስከ መቼ ያከብራል?

ብዙ በጀት ሳይጠይቁ ሊስተካከሉ የሚችሉ ነገሮች አሉ።

አንደኛ፣ የዲዩቲ ፕሮግራም ቀድሞ ይለጠፍ፤ ሌሊቱና በዓሉ በፍትሕ ይከፋፈል። ሙስሊሙ በፋሲካ፣ ክርስቲያኑ በዒድ ተረኛ ሆኖ መተጋገዝ ይቻላል። በረመዷን ለኢፍጣር ጥቂት ደቂቃ መተካካትም እንዲሁ።

ሁለተኛ፣ የዲዩቲ ክፍያ ሳይዘገይ ይከፈል።

ሦስተኛ፣ ስህተት ሲፈጠር በበሽተኛና በአስታማሚ ፊት ማዋረድ ይቅር፤ ለብቻ ጠርቶ ማረም ይልመድ። የተዋረደ ሰው በሚቀጥለው ጊዜ ስህተቱን ይደብቃል።

አራተኛ፣ አዲስ ገቢ ከነባር ጋር ተጣምሮ ይሥራ።

የእኛም ድርሻ ቀላል አይደለም። ለዚያራ አሥርና ሃያ ሆነን ገብተን ክፍሉን እናጨናንቃለን። መድኃኒት ከመደብሩ ሲጠፋ የምንጮኸው ነርሷ ላይ ነው፤ እሷ ግን መድኃኒት አትገዛም። በሽተኛ መጠየቅ ትልቅ ምንዳ አለው፤ የሚያስታምመውን ባለሙያ ማስቀየም ግን ከምንዳው ጋር አይሄድም።

በታሪካችን ሩፈይዳ አል-አስለሚያ (ረ.ዐ) ቁስለኞችን ታክም ነበር። በኸንደቅ የቆሰሉት ሰዕድ ኢብን ሙዓዝ (ረ.ዐ) መስጂድ ውስጥ ወደነበረው ድንኳኗ እንዲወሰዱ ያደረጉት ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ራሳቸው ናቸው። ለአስታማሚዋ ቦታ የተሰጣት በመስጂዳቸው ውስጥ ነበር።

እኛስ ለነርሶቻችን ምን ቦታ ሰጥተናል? በሚቀጥለው ጊዜ ሆስፒታል ስንሄድ ድምፃችንን ዝቅ አድርገን፣ ተራችንን ጠብቀን፣ ስንወጣ «አላህ ይስጥልን» ብለን እንጀምር። አላህ በሽተኞቻችንን ይማርልን፤ ለሚያስታምሙልንም ብርታቱን ይስጣቸው።