ነፍሰ ጡር እግሬ ከዳኝ ስትል

በሰቆጣና በዋግ ኽምራ ደጋ ነፍሰ ጡር እናት ወገቤን ብትል እምብዛም የሚደነግጥላት የለም። እንስራ አዝላ ዳገት የወጣች ሴት፣ በዚያም ላይ ፅንስ የያዘች፣ ወገቧን ቢያማት ምን ይደንቃል? እውነት ነው፤ አብዛኛው ከወሊድ በኋላ ይለቃታል። የማይለቅም አለና ስለ እርሱ እንጻፍ።

በአከርካሪ አጥንት ቦይ ውስጥ ኅብለ ሰረሰር ይወርዳል። ከአንጎል ወደ እግርና ወደ ፊኛ የሚተላለፈው ትእዛዝ የሚያልፈው በዚሁ ነው። እብጠት ወይም መግል ቦዩን ያጠበበው እንደ ሆነ ትእዛዙ ይቋረጣል። በአገራችን ይህን ከሚያመጡት አንዱ የአከርካሪ ቲቢ ሲሆን፣ እንግሊዛዊው ሐኪም ፐርሲቫል ፖት በ1779 እ.ኤ.አ. ስለ ጻፈለት በስሙ ይጠራል። በሽታው ቀስ እያለ አጥንቱን ይበላል፤ ሌሊት የሚብስ ሕመም፣ ላብና መክሳት ያስከትላል። ነፍሰ ጡር ስትደክምና ስትከሳ ግን ሰው ሁሉ በእርግዝናዋ ያመካኛል፤ ተንኮሉም እዚህ ላይ ነው።

እግሯ የዛለ ወይም የደነዘዘ፣ ስትራመድ የምትደናቀፍ፣ ሽንቷ የታገደ ወይም የሚያመልጣት፣ መቀመጫዋ አካባቢ ሲነኳት የማይሰማት እንደ ሆነ ለነገ አይባልም። ወጌሻ ጠርቶ ወገቧን ማሸት የተበላውን አጥንት ሊያናጋ ይችላል። በበቅሎም አትቀመጥ፤ በቃሬዛ ተጋድማ፣ ወገቧ ሳይጣመም፣ ሰቆጣ ወደሚገኘው ተፈራ ኃይሉ መታሰቢያ ሆስፒታል ትወሰድ። ከዚያ የነርቭ ቀዶ ሕክምና ወዳለበት ትላካለች። (የነርቭ ቀዶ ሐኪሞች ሥልጠና በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የተጀመረው በ1998 ዓ.ም. ነው፤ አስቀድሞ ሐኪሞቹ በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ።) ገና መራመድ እየቻለች የደረሰች ሴት፣ እግሯ ፈጽሞ ከሰለለ በኋላ ከምትደርሰው ይልቅ የመዳን ተስፋዋ እጅግ ይበልጣል።

መድኃኒቱ ፅንሱን ይጎዳል የሚል ፍርሃት ብዙዎችን ያስቀራል። የተለመዱት የቲቢ መድኃኒቶች በእርግዝና ጊዜ ይሰጣሉ፤ የሚቀረው የሕፃኑን የመስማት ኃይል የሚጎዳው ስትሬፕቶማይሲን ነው። መድኃኒቱ በመንግሥት ጤና ተቋም ያለ ክፍያ ይሰጣል፤ ለአከርካሪ ሲሆን አንድ ዓመት ያህል ይወስዳል።

ጠበሉስ ይቅር ወይ? የሚሉም አሉ። ማንም ይቅር አላለም። ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ በ1999 ዓ.ም. ስለ ኤች አይ ቪ መድኃኒት ሲናገሩ፣ ጠበሉና መድኃኒቱ አብረው ሊወሰዱ እንደሚችሉ ገልጠዋል። ለዚህም ሕመም ያው ነው፤ ጠበሉን በዕቃ ቀድቶ ወደ ሆስፒታሉ አልጋ የሚያደርስላት ዘመድ አይጠፋም።