ሦስት ግራም የማይሞላ ወርቅ በ648 ሺህ ፓውንድ

ከከተማው ወጣ ብሎ መልካ ጀብዱ አካባቢ በሚገኘው ድሬዳዋ ኢንዱስትሪ ፓርክ ለአዲስ ሼድ መሠረት ሲቆፈር አንድ ያረጀ የወርቅ ሳንቲም ከአፈሩ ጋር ቢወጣ መድረሻው ወዴት እንደሚሆን መገመት አያዳግትም። ወርቅ ቤት ይወሰዳል፤ ይመዘናል፤ ካራቱ ይታያል፤ በግራም ተሰልቶ ይከፈልና ይቀልጣል። ሻጩ በቀናው ዋጋ የሸጠ ይመስለዋል።

ስሌቱ የት ላይ እንደሚሳሳት ለማየት በጥር 2014 ዓ.ም. ስፒንክ የተባለው የእንግሊዝ አጫራች ያቀረበውን ሳንቲም መመልከት ይበቃል። ዴቨን በተባለው አውራጃ እርሻ ላይ በብረት መፈለጊያ መሣሪያ የተገኘ፣ የንጉሥ ሄንሪ 3ኛ የወርቅ ፔኒ ነው። በጨረታው 540 ሺህ ፓውንድ ተጠራ፤ ከኮሚሽን ጋር 648 ሺህ ደረሰ። የሳንቲሙ ክብደት 3 ግራም አይሞላም። በዚያን ጊዜ የወርቅ ገበያ ቢቀልጥ የሚያወጣው 130 ፓውንድ ገደማ ነበር። ልዩነቱ አምስት ሺህ እጥፍ ያህል ነው።

ልዩነቱን የፈጠሩት የዘመኑ ነጋዴዎችና አንጥረኞች ናቸው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ሄንሪ እ.ኤ.አ. በ1257 ሳንቲሙን ሲያስመታ የአንዱን ዋጋ 20 የብር ፔኒ ብሎ ተመነ። የለንደን ነጋዴዎች አልወደዱትም፤ ለድሃው ገበያተኛ አይጠቅምም፣ የወርቅንም ዋጋ ያወርዳል ብለው ለንጉሡ ቅሬታ አቀረቡ። ኋላ ግን ወርቁ ከተተመነለት በላይ ማውጣት ጀመረ። ይህን ያየ ሁሉ ሳንቲሙን አቀለጠው። ዛሬ በዓለም ላይ መኖራቸው የሚታወቀው ስምንት ያህል ብቻ ናቸው። ገዢው የከፈለው ለወርቁ ሳይሆን ከማቅለጫው ላመለጠው ነው።

እድሜ ብቻውን ዋጋ እንደማይሆን ደግሞ ድሬዳዋ ራሷ ትመሰክራለች። ባቡሩ በ1895 ዓ.ም. ከደረሰላት በኋላ የአገሩ መገበያያ የሆነው ማርያ ቴሬዛ፣ የእኛ ጠገራ ብር፣ በጅቡቲ በኩል ይገባ ነበር። 28 ግራም የሚመዝን ነው፤ ሺህ እጅ ቢባል 833ቱ ንጹሕ ብር ነው። ሁሉም ላይ የተጻፈው ዓመት 1780 ነው፤ ይሁንና ቪየና፣ ሮማ፣ ለንደን፣ ፓሪስና ቦምቤይ በየጊዜው መትተውታል፤ ቪየና እስከ ዛሬ ትመታዋለች። በመቶ ሚሊዮኖች የሚቆጠር በመሆኑ ተራው ጠገራ ከያዘው ብር ዋጋ ብዙም አይርቅም። «የ1780 ነው» እያለ ዋጋ የሚሰቅል ደላላ ሊታመን አይገባም። የምኒልክ የወርቅ ሳንቲም ግን ቁጥሩ ጥቂት ስለሆነ ሰብሳቢ ይፈልገዋል።

ከእንግሊዙ ፔኒ ጋር ሊወዳደር የሚችለው የአክሱም ወርቅ ነው። ንጉሥ እንዱቢስ ከሄንሪ ከ900 ዓመት በላይ ቀደም ብሎ በክብደቱ የሚቀራረብ የወርቅ ሳንቲም አስመትቷል። እዚህም ብዛት ዋጋን ይወስናል። እ.ኤ.አ. በ1977 የመን ውስጥ አል ማዳሪባ በተባለ ስፍራ አንድ ድልብ ሲገኝ 868 የአክሱም የወርቅ ሳንቲሞች በአንድ ጊዜ ወጡ። በውስጡ በብዛት የተገኙት የነገሥታቱ ሳንቲሞች ብርቅነታቸው ቀነሰ፤ ያልተገኙባቸው እንደ ብርቅ ቀሩ። ሳንቲሙን በአሸዋና በሎሚ አሽቶ ማብረቅም ዋጋውን ያወርደዋል፤ ሰብሳቢ የሚከፍለው ላልተነካ ገጽ ነው።

እንግዲህ የፓርኩ ቆፋሪ ሳንቲሙን ባያቀልጠው ምን ያገኛል? አዋጅ ቁጥር 209/1992 በአጋጣሚ የተገኘ ቅርስ ለባለሥልጣኑ እንዲነገር ያስገድዳል፤ ላስረከበው ሰውም ተገቢ ሽልማት እንዲሰጠው ይላል። ወደ ውጭ ማውጣት ለጥናት ወይም ለባህል ልውውጥ ካልተፈቀደ ክልክል ነው። በነሐሴ 2014 ዓ.ም. ድሬዳዋ ላይ የተከፈተው ነፃ የንግድ ቀጠናም የቀረጥ ነፃነቱ ይህን ክልከላ አያነሳም፤ ስለዚህ የለንደን ዋጋ እዚህ ላለው ሳንቲም ዋጋ አይደለም። እንግሊዞች በ1996ቱ ሕጋቸው መሠረት ሙዚየም የወሰደውን ድልብ ኮሚቴ በገበያ ዋጋ ይተምነዋል፤ ገንዘቡም ለአግኚውና ለመሬቱ ባለቤት ይከፈላል። እዚያ አግኚው አስቀድሞ የሚያሰላው ቁጥር አለው፤ እዚህ «ተገቢ» የሚለው ቃል ከወርቅ ቤቱ ሚዛን ጋር መወዳደር አለበት፤ ሚዛኑ ደግሞ ወዲያው ይከፍላል።