«ጥሩ ነው» ብሎ መመለስ

የሰው ድርሰት አንብቦ አስተያየት መስጠት ለብዙዎቻችን ቀላል ነገር ይመስለናል። ደራሲው ስንት ሌሊት የደከመበትን ሥራ አንባቢው በግማሽ ሰዓት ያየውና «ጥሩ ነው» ወይም «አይረባም» ብሎ ይመልሳል፤ ጉዳዩም በዚያው ያልቃል። ነገር ግን ይህች አጭር ቃል ከባድ ዕዳ ልታመጣ እንደምትችል እኔ ራሴ ከደረሰብኝ ነገር ስለ ተማርሁ፣ ለአንባብያን ይጠቅም እንደ ሆነ ብዬ እነሆ እጽፈዋለሁ።

ዩኒቨርሲቲ ሳለን አብሮኝ ይማር የነበረ አንድ ወዳጄ ባለፈው ዓመት አጭር ልብ ወለድ ጽፎ ሰማንያ ገጽ የሚሆነውን ረቂቅ አመጣልኝ። «አንተ የጋዜጣ ሰው ነህና እይልኝ፤ ጉድለቱንም ሳትደብቅ ንገረኝ» አለኝ። በዚያ ሳምንት ሥራ በዝቶብኝ ስለ ነበር ሃያ ገጽ ያህል ብቻ አነበብሁ። አጻጻፉ ደስ የሚያሰኝ ነበር። የቀረውን ገለጥ ገለጥ አድርጌ አለፍሁና «ግሩም ነው፤ አሳትመው» አልሁት። እርሱም አመነኝ፤ ከዘመዶቹ ገንዘብ ተበድሮ አሳተመው።

መጽሐፉ ከወጣ በኋላ ያነበቡት ሁሉ አንድ ነገር ያነሡ ጀመር። በ15ኛው ገጽ ላይ ሞታ የተቀበረችው የባለታሪኩ አክስት፣ በመጨረሻው ሠርግ ላይ ቆማ ሙሽሮቹን ስትመርቅ ትገኛለች! ሰው ሳቀበት። ወዳጄም ቤቴ ድረስ መጥቶ፣ «እስከ መጨረሻው አንብበኸው ነበር?» ሲል ጠየቀኝ። የምመልሰው አጣሁ። እርሱም ከዚያ በኋላ ለብዙ ወራት ብዕር አላነሣም።

አበው «ሳያጣሩ ወሬ፣ ሳይገድሉ ጎፈሬ» የሚሉት ለካ እንደ እኔ ላለው ኖሯል። ሳያነቡ ማመስገንም ሳይገድሉ ጎፈሬ ከማሳደግ አይለይም።

በአገራችን የሰውን ድርሰት ሰምቶ አስተያየት የመስጠትን ሥራ በሥርዓት ይዞ የኖረው የቅኔ ትምህርት ቤት ነው። ተማሪው ቀኑን ብቻውን ተቀምጦ ቅኔ ሲቆጥር ይውልና ኋላ ለመምህሩ ይነግራል። ከሁለት ቤቱ ጉባኤ ቃና ጀምሮ እስከ ስምንት ቤቱ መወድስ ድረስ መንገዱ ይኸው ነው። መምህሩም ቤቱ የት ላይ እንደ ጎደለ፣ ሰሙ ከወርቁ ጋር የት ላይ እንዳልገጠመ፣ ቦታውን ለይቶ ያቀናለታል። ወርቁ ብዙ ጊዜ የሚገለጠው ቅኔው ተነግሮ ሲያልቅ ስለ ሆነ፣ እስከ መጨረሻው ሳይሰሙ መፍረድ አይቻልም።

ምስጋናም ቢሆን አንብቦ ለሚሰጠው ሰው ኃይል አለው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1855 ዓ.ም. ዋልት ዊትማን የተባለው አሜሪካዊ ባለቅኔ «የሣር ቅጠሎች» የሚለውን የግጥም መጽሐፍ በራሱ ገንዘብ አሳተመ። በውስጡ 12 ግጥሞች ብቻ ነበሩበት፤ በርእሱ ገጽ ላይ የደራሲው ስም እንኳ አልተጻፈም። ዕውቁ ደራሲ ራልፍ ዋልዶ ኤመርሰን ግን አንድ ቅጂ ደርሶት አነበበና ለዚህ ስመ ጥር ላልነበረ ሰው ደብዳቤ ጻፈለት። በደብዳቤውም የአሳቡን ነጻነትና ድፍረት ለይቶ ጠቀሰ፤ ከሥራው በስተኋላም ረጅም ዝግጅት ሳይኖር እንዳልቀረ ገመተ። ዊትማንም በዓመቱ ግጥሞቹን 32 አድርሶ ሁለተኛውን እትም አወጣ። የኤመርሰንን ደብዳቤ ሳያስፈቅድ አብሮ ማተሙ ግን የሚያስወቅሰው ነው።

እንግዲህ የሰው ጽሑፍ ሲደርሰን በመጀመሪያ እስከ መጨረሻው እናንብበው። ጊዜ ከሌለን «ጊዜ የለኝም» ማለት ነውር አይደለም። ቀጥሎም የወደድነውንም ያልገባንንም ገጹንና መስመሩን ጠቅሰን እንናገር፤ ጸሐፊው እጁን የሚያሳርፍበትን ቦታ የሚያገኘው በዚህ ነውና። ከሁሉም በላይ ነቀፌታችን በጽሑፉ ላይ እንጂ በጸሐፊው ላይ አይሁን። «ይህ አንቀጽ አልገባኝም» የተባለ ሰው አንቀጹን ያስተካክላል፤ «አንተ መጻፍ አትችልም» የተባለው ግን ምኑን ያስተካክል?

ያን ወዳጄን ይቅርታ ጠይቄው ታርቀናል። ባለፈው ሳምንትም አሥራ ሁለት ገጽ የሚሆን አዲስ ጽሑፍ ሰጠኝ። ሲሰጠኝ ምንም አልተናገረም፤ ዓይን ዓይኔን ብቻ አየኝ። ሁለት ጊዜ አነበብሁት። በኅዳጉም ላይ በእርሳስ ዘጠኝ ምልክት አድርጌአለሁ፤ ሦስቱ የወደድሁት ነው፣ ስድስቱ ያልገባኝ። ዛሬ ከሰዓት በኋላ ይዤለት እሄዳለሁ።